ስለ በሽሎ መልካና ስለ አሻጋሪዎቹ ቤተሰብ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የወረዳችን ባህልና ቱሪዝም ሥራ ኃላፊዎች፣
መልካው ላይ አሸዋና ጠጠር እንዲወጣ ፈቃድ ለሰጣችሁ አካላት፣
እንዲሁም የወሎ ታሪክ ግድ ለሚላችሁ ሁሉ፦

በያላችሁበት ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በበሽሎ ወንዝ ላይ ሰው፣ ከብትና ጭነት ሲያሻግር የኖረው ቤተሰብ ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። ማዶ ደላንታ ነው። ወዲህ ደግሞ አሮጌ ወደሚባለው ሜዳና ወደ መቅደላ አምባ የሚወጣው ዳገት አለ። የእኛ ቤት በሁለቱ መካከል፣ ቆላው ውስጥ፣ ውሃው ዳር ነው።

ባለፈው በጋ መልካችን ላይ ሁለት ነገር ተደረገ። መጀመሪያ ዳሩ ላይ የታሪክ ሰሌዳ ተተከለ። ሰሌዳው በ1860 መቅደላን የወጋውን የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የጄኔራል ናፒየርን ስም ይዟል። የአባቶቻችን ነገር ግን አንድም ቦታ አልተነሳበትም። ሰሌዳው ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ አሸዋና ጠጠር እንዲወጣ ተፈቀደ፤ ኤክስካቫተር ገባ። በሁለቱም ላይ ማንም አላማከረንም። በቃል ጠየቅን፣ በጽሑፍም አመለከትን። ያገኘነው መልስ «ይታያል» የሚል ብቻ ነው። እስካሁን ያየው ሰው የለም። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድነው ለዚህ ነው።

በሽሎን በበጋ ብቻ ያየ ሰው ነገሩን ቀላል አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ከወንዙ እንጀምር። በሽሎ የምዕራብ ወሎን ውሃ ሰብስቦ ለአባይ የሚያስረክብ ወንዝ ነው። ከደላንታ ሜዳ እስከ ውሃው ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ከተሻገሩ በኋላም እንደገና ዳገት ነው። በበጋ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ልጅ በእናቱ እጅ ተይዞ ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ወንዝ ይሆናል። የሚያስፈራው ሙላቱ ብቻ አይደለም፤ ደራሹ ነው። ቆላው ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እያቃጠለ፣ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ከች ይላል። ነገሩን ያላወቀ መንገደኛ ሰማዩን አይቶ ይገባል። ከመሀል ሳይደርስ ውሃው ይዞት ይሄዳል።

አባቶቻችን ደራሽ ከመምጣቱ በፊት ያውቁታል። በመጀመሪያ የውሃው ቀለም ይለወጣል። ከዚያ ዳር ዳሩን ጭራሮና ቅጠላ ቅጠል መንሳፈፍ ይጀምራል። የእርጥብ አፈር ሽታ በሸለቆው ይመጣል። በመጨረሻ ከታች ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። ይህ ድምፅ ከተሰማ ማንም አይገባም፤ የገባም ሁሉን ጥሎ ይወጣል። ይህን እውቀት ከመጽሐፍ አላገኙትም። ልጅ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ከአባቱ ጋር ዳር ላይ ተቀምጦ ውሃ ማየት ይጀምራል። ለብዙ ክረምት ማየት ብቻ ነው ሥራው። ውሃ ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

የማሻገሪያው ዘዴም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ውሃው እስከ ደረት ሲሆን ጠንካራ ዋናተኞች ከጠፍር የተገመደ ገመድ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ሰው በመሀላቸው ያልፋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጀንዲ ይወጣል። በደንብ የለፋ የበሬ ቆዳ ይዘረጋል፤ ከውስጡ እንጨት ይገባለታል፤ ጠርዙ ወደ ላይ ተሰብስቦ በጠፍር ይታሰራል። ጭነት ወይም አቅመ ደካማ ሰው እዚያ ላይ ይቀመጣል። ሁለት ዋናተኛ ከፊት ይጎትታል፣ አንድ ከኋላ ይገፋል። ዋናተኞቹ ብብታቸው ሥር ቅል ያስራሉ። ቀጥ ብለው ወደ ማዶ አይሄዱም። ከላይ ራቅ ብለው ይገባሉ፤ ውሃው እያንሸራተተ ወደ መውጫው ያደርሳቸዋል። መግቢያና መውጫውን አሳስቶ የገባ ከታች ያለው ገደል ይቀበለዋል።

ቤተሰባችን እንዴት እንደተመሠረተ ከአባት ለልጅ ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው አሻጋሪ ከማዶ መጥቶ ከወዲህ ያገባ ሰው ነበር። ዘመዶቹ በአንዱ ዳር፣ አማቾቹ በሌላው ዳር ሆኑ። አንድ ክረምት የሚስቱ ወንድም ለለቅሶ ሲመጣ ውሃ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቤቱን ከዳገቱ አውርዶ ውሃው ዳር ሠራ። «ከእንግዲህ ሰው በዚህ ዳር ጾሙን አያድርም፣ ብቻውንም አይገባም» ብሎ ቃል ገባ። እኛ ዘመኑን በቁጥር አንናገርም። የምንቆጥረው በአባት ነው፤ ከእሱ እስከ እኛ ሰባት ቤት ይሞላል።

የወሎ ነገር ሆኖ ቤተሰባችን ክርስቲያንም እስላምም ነው። ከአንድ አያት የወጡት ግማሹ አቡነ ዘበሰማያት ብለው፣ ግማሹ ቢስሚላህ ብለው ውሃው ውስጥ ይገቡ ነበር። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚሄደው ምዕመን ሲመጣ ወንዙ ገና አልጎደለም። ከጋይንትና ከደላንታ በኩል የሚወርደውን ተሳላሚ ከሚያሻግሩት መካከል እስላሞቹ አጎቶቻችን ነበሩ። መውሊድ ደግሞ እንደ ጨረቃው ስለሚዞር ክረምት ላይ የሚወድቅበት ዓመት አለ። ያኔ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄዱትን ደረሶች ከሚጎትቱት መካከል ክርስቲያኖቹ ነበሩ። ይህን የምንናገረው ለማማር ብለን አይደለም። ሁለቱም በዓል በሚመጣበት ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው ተራ ነገር ነው።

የመልካው ሕግ ጥቂት ነበር፤ ግን የጠበቀ። ሬሳ ከሁሉ ይቀድማል። ቀጥሎ ሙሽራ፣ ቀጥሎ ነፍሰ ጡር። የቆሎ ተማሪና ደረሳ አይከፍሉም። ደመኛም ቢሆን ይሻገራል፤ ደመኞቹ ግን በአንድ ጊዜ አይሻገሩም፣ በአንድ ዳርም አያድሩም። አሻጋሪው ከየትኛውም ወገን ጋር ቂም ቢኖረው ውሃው ላይ ቂም የለም። ክፍያው እንደ ዘመኑ ነው። ድሮ አሞሌ የሚሰጥ ነጋዴ ነበር፤ በኋላ ሳንቲም መጣ። አብዛኛው ግን በመኸር ጊዜ ከሁለቱም ዳር ቤቶች የሚሰበሰብ አንዳንድ ቁና እህል ነበር። ያ እህል ለእኛ ብቻ አልነበረም። ወንዙ ሞልቶ ያደረ እንግዳ የሚበላው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ የሴቶቹን ድርሻ ሳንናገር ብናልፍ ግፍ ይሆንብናል። ስለ አሻጋሪ ሲወራ ሰው የሚያስበው ዋናተኛውን ብቻ ነው። ውሃው ሲሞላ ግን አንዳንዴ ለቀናት የሚያግደው ብዙ ሰው አለ። ያን ሁሉ ሰው የሚመግቡት፣ የማሽላ እንጀራ የሚጋግሩት፣ ቡና የሚያፈሉት፣ የታመመውን የሚያስታምሙት እናቶቻችን ነበሩ። ማዶ ካለው ሰው ጋር የሚነጋገሩትም እነሱ ናቸው። ውሃው ቃል ይውጣል፤ ስለዚህ ነጠላ ከፍ ካለ «ቆይ» ነው፣ ዝቅ ካለ «ግባ» ነው። ከአያቶቻችን አንዷ ድምፅዋ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር ይባላል። ሰው ሲፈራ ካየች «አብሽሩ! አብሽሩ!» እያለች ታሻግረው ነበር። ያቺን ሴት የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም በሁለቱም ዳር አሉ።

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከደጋ የወረደው ሕዝብ በዚህ መልካ አልፏል። ያን ዓመት ቁና እህል የሚሰጥ አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም። አባቶቻችን ራሳቸው ተርበው ሰው ተሸክመዋል። አቅም አጥተው ዳር ላይ የቀሩትን የቀበርናቸው እኛው ነን። መቃብራቸው ከቤተሰባችን መቃብር ጋር ነው። ይህን በኋላ እንመለስበታለን፤ ምክንያቱም ኤክስካቫተሩ የደረሰው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

ሰሌዳውን እናስቀድም። በሽሎ በመቅደላ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ እንዳለው እናውቃለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ ይዘው በ1860 መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሱ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ብረት በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ አወጡ። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር። ያ መንገድ ከደላንታ ወደ በሽሎ ይወርዳል፤ ተሻግሮ ወደ አሮጌ ይወጣል። የእንግሊዝ ጦርም የመጣው ንጉሡ ባወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ ስቅለት ዕለት በሽሎን ተሻገረ። በዚያው ቀን አሮጌ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬና ብዙ ተዋጊዎች ወደቁ። ሚያዝያ 6 ንጉሡ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ከመቅደላ የተዘረፈው መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ጽዋና ዘውድ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚያህሉ በቅሎዎች ተጭኖ በሽሎን ተሻገረ። ሚያዝያ 13 እና 14 ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። ለእንግሊዝ ቤተ መዘክር የሚገዛ ሰው ሳይቀር እዚያው ነበር። የሰባት ዓመቱ ልዑል አለማየሁና እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከጦሩ ጋር በዚሁ ወንዝ አልፈዋል። እሷ ባሕር ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች። እሱ በ1872 እንግሊዝ አገር ሞቶ እዚያው ተቀበረ።

ይህ ሁሉ በዚህ ወንዝ አልፏል። ሰሌዳ ይገባዋል ብላችሁ ማሰባችሁ ትክክል ነው። ታዲያ ሰሌዳው ላይ ከዚህ ሁሉ የተመረጠው «ናፒየር የተሻገረበት ቦታ» የሚለው ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? የንጉሡ መንገድ የለም። ገብርዬ የለም። የተዘረፈው ቅርስ የለም። የቦታው ባለቤት ሕዝብም የለም። አንድ እንግዳ ሰሌዳውን ቢያነብ ይህ ወንዝ ሰው የተሻገረው ያኔ ብቻ ይመስለዋል።

ለራሳችን ከዚያ ታሪክ ጀግንነት ቆንጥረን መውሰድ አንፈልግም። የምንለው ሌላ ነው። ጦሩ የተሻገረው በሚያዝያ፣ ውሃው ጎድሎ ሳለ ነው። በሚያዝያ ማንም ይሻገራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ይህን ወንዝ የተሻገረ ሰው ሁሉ በአንድ ቤተሰብ እጅ ነው የተሻገረው። ሰሌዳው አንድ ቀን ያለፈውን ጦር መዝግቦ በየክረምቱ ውሃው ውስጥ የቆሙትን ሰዎች መተዉ ያሳዝነናል። የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያን ሰሌዳ እያነበቡ ነው የሚያልፉት። የሚያውቁት የእንግሊዙን ጄኔራል ሊሆን ነው፤ ቅድመ አያታቸውን ግን አያውቁም።

ሁለተኛው ጉዳይ አሸዋው ነው፤ እሱ ከሰሌዳው የባሰ ነው። ሰሌዳ ይቀየራል። መልካ ከፈረሰ ግን አይመለስም። ሰው የሚሻገረው እዚህ ቦታ ላይ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ወንዙ ከላይም ከታችም ጠቦና ጠልቆ ነው የሚሄደው። እዚህ ላይ ብቻ ይሰፋል፤ ይዞት የመጣውን ጠጠር ያራግፋል፤ ውሃው በጠጠሩ ላይ ሳስቶ ይፈሳል። ያ ጠጠር ነው መልካው። እሱን በኤክስካቫተር ዝቀው በገልባጭ መኪና ሲወስዱት የቀረው ጉድጓድ ነው። ውሃው ደፍርሶ ስለሚሸፍነው ጉድጓዱ የት እንዳለ አይታይም። ዳሩም እየተናደ የማሽላ ማሳችንን መብላት ጀምሯል።

ድልድይ አለ ትሉን ይሆናል። አዎ አለ፤ በመሠራቱም ደስ ብሎናል። የሞተው ሰው ቁጥር የቀነሰው በእሱ ነው። ነገር ግን ለመኪና የተሠራው መንገድ ዞሮ ዞሮ ነው የሚመጣው። ገበያ የሚወጣ ገበሬ፣ እንጨት የምትሸከም እናት፣ ከብት የሚነዳ እረኛ ዛሬም በመልካው ነው የሚሻገረው። ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት ጤፍ የጫነች አህያ እየነዱ እንደ ወትሮው ገቡ። ድሮ ውሃው እስከ ጉልበት በሆነበት ቦታ ላይ አህያዋ ከነጭነቷ ሰጠመች። እናትየዋን ያወጣቸው ከእኛ ወጣቶች አንዱ ነው። ጤፉም አህያዋም ቀሩ። የዓመት ቀለባቸው ነበር። እስካሁን ካሣ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ይህ የሆነው ውሃው ሲጎድል ነው። ክረምት ላይ ምን እንደሚመጣ ለማሰብ ይከብደናል።

አሸዋውን የሚያወጡት ልጆች ላይ ቂም የለንም። የእኛው ልጆችም ከነሱ ጋር አሉ። ሥራ የለም፤ የተሰጣቸውን ሥራ ያዙ። ጥያቄያችን ቦታውን መርጦ ለፈረመው ሰው ነው። ከመልካው በታች ወንዙ ታጥፎ የሚያልፍበት ላይ ሰው የማይሻገርበት ብዙ አሸዋ አለ። ሽማግሌ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጠዋት ያሳይ ነበር።

ስለ ልክ ድንጋዩ ለብቻው እንናገራለን። መልካው ዳር ከውሃው ጋር የሚነካካ ወደ ጥቁር የሚያደላ ትልቅ ድንጋይ ነበር። ገጹ ላይ በመሮ የተወቀሩ ሦስት ጭረቶች ነበሩ። ውሃው ከታችኛው ጭረት ሥር ከሆነ ሁሉም ሰው በራሱ ይገባል። ታችኛውን ካለፈ ልጅና ሽማግሌ ያለ አሻጋሪ አይገቡም። መካከለኛውን ካለፈ ጀንዲ ይወጣል። ላይኛው ላይ ከደረሰ ማንም አይገባም፤ ራስም ቢሆን፣ ደጃዝማችም ቢሆን ቡና እየጠጣ ይጠብቃል። የታችኛው ጭረት ብዙ እጅ ስለነካው ለስልሶ ነበር፤ ሕፃናት ጣታቸውን እያስገቡ ይጫወቱበት ነበርና። ያ ድንጋይ የገልባጭ መኪናው መውጫ እንዲመች ተብሎ በማሽን ተገፍቶ ተሰበረ። ስባሪው መንገዱ ሥር ገብቷል። አንዱን ጭረት የያዘ ቁራጭ አግኝተን ቤት አስገብተናል። ሌላው የለም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሚዳሰሰውንም የማይዳሰሰውንም ያካትታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 91 መንግሥትም ዜጎችም የታሪክ ቦታዎችን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። እኛ የድርሻችንን ስንጠብቅ ኖረናል። ያ ድንጋይ ሲሰበር ግን ይህን ሥራ ብሎ ደመወዝ የሚበላ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም።

መቃብሩን በተመለከተ ብዙ ማለት አንፈልግም። ከዳሩ ከፍ ብሎ ባለው ጉብታ ላይ አባቶቻችን ተቀብረዋል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ጉብታ ላይ ነው፣ በየሥርዓቱ። በ1977 ያለቁትም እዚያ ናቸው። ከመልካው የተዛቀው አፈር የተቆለለው በዚያ ጉብታ ግርጌ ላይ ነው። ጥቂቱን መቃብር ሸፍኖታል። ከእኛ መካከል የእናቱን መቃብር ለይቶ ማግኘት ያልቻለ ሰው አለ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ከዓመታት በፊት ለጥናት ነው ተብሎ ባለሙያዎች ከአንድ ተቋም መጥተው ነበር። በደስታ ተቀበልናቸው። አንድ አጎታችን፣ ጀንዲ ማሰር የሚያውቁ የመጨረሻው ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስረዱ ድምፃቸው ተቀረጸ። ባለሙያዎቹ ሲሄዱ ቤታችን የነበረውን የመጨረሻ የማሻገሪያ ጀንዲ፣ ጠፍሩንና ሁለት ቅል «ለኤግዚቢሽን» ብለው ወሰዱ። ደረሰኝ አልሰጡንም፤ እኛም በእምነት ሰጠን። ዕቃው አልተመለሰም። ኤግዚቢሽኑ የት እንደታየ የሚነግረን አልተገኘም። አጎታችን አርፈዋል። ድምፃቸው ያለው እዚያ ቀረጻ ውስጥ ብቻ ነው። ልጆቻቸው ያን ድምፅ መስማት ይፈልጋሉ፤ ከዚህ ያለፈ ነገር የለውም።

በመጋቢት 2011 የዐፄ ቴዎድሮስ ጉንጉን ፀጉር ከለንደን ሲመለስ እዚህ ቆላ ውስጥ እልል ተብሏል። ያለቀሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከመቅደላ የሄደው ሁሉ እንዲመለስ አገር ሙሉ ይጠይቃል፤ እኛም እንጠይቃለን። ታዲያ ያ ቅርስ ተሻግሮ የሄደበትን መልካ በራሳችን ማሽን እየቆፈርን፣ ከገበሬ ቤት የወሰድነውን ዕቃ ሳንመልስ፣ ከሌላ አገር ሰው ጋር በምን አፍ እንከራከራለን? ይህን የምንጠይቀው ለመውቀስ ብቻ አይደለም። መልሱ ያስፈልገናልና ነው።

የቱሪስት መንገድ ሊሠራ እንደታሰበም ሰምተናል። ከደላንታ ተነስቶ የንጉሡን መንገድ ተከትሎ መቅደላ የሚያደርስ የእግር ጉዞ ነው አሉ። መልካም ሐሳብ ነው። ግን በተዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ የእኛ መልካ «የወንዝ እይታ» ተብሎ ነው የገባው። መሪ ሆነው የሚሠለጥኑት ወጣቶችም ከዚህ ሸለቆ አልተመረጡም። ውሃውን የሚያውቅ ሰው ሳይዙ እንግዳ ይዘው በሐምሌ ቢመጡ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት መልካው ላይ የሚካሄደው የአሸዋና የጠጠር ማውጣት ዛሬውኑ ይቁም። ሥራው ከመልካው በታች ሽማግሌዎች ወደሚያሳዩት ቦታ ይዛወር፤ ልጆቹም ሥራቸውን አይጡ። የተቆፈሩት ጉድጓዶች ክረምት ሳይገባ በጠጠር ይሞሉ። ከመቃብሩ ላይ አፈሩ በማሽን ሳይሆን በእጅ፣ ቄስና ሼህ ባሉበት ይነሳ፤ ጉብታውም ይከለል። አህያና ጤፍ ያጡት እናት ካሣ ይከፈላቸው።

ሰሌዳው ይነሳና የሁለቱም ዳር ሽማግሌዎች በተገኙበት እንደገና ይጻፍ። የናፒየር ስም ይውጣ አንልም፤ ታሪክ ነውና ይኑር። ከእሱ በፊት ግን መንገዱን ያወጡት ንጉሥና አሮጌ ላይ የወደቁት ይጻፉ፤ መልካውን የመሠረተው ቤተሰብም ሥራው ይጻፍለት። የተረፈው የልክ ድንጋይ ቁራጭ በክብር የሚቆምበት ቦታ ይዘጋጅ፤ እኛ እንሰጣለን፤ ደረሰኝ ግን እንፈልጋለን።

የተወሰደው ጀንዲ፣ ጠፍርና ቅል የት እንዳለ በጽሑፍ ይገለጽልን። የአጎታችን ቀረጻ ቅጂ ለልጆቻቸው ይሰጥ። ከሁለቱም ዳር በሕይወት ያሉ፣ የድሮውን ማሻገር በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም እርጅና ተጭኗቸዋል። የሚቀጥለው ክረምት ሳይመጣ ሰው ልካችሁ አስመዝግቡ። ሴቶቹንም ጠይቁ። መልካውም በቅርስነት እንዲመዘገብ በአዋጁ መሠረት የሚያስፈልገው ጥናት ይጀመር።

በጉዞ መንገዱ ዝግጅት ላይ ከእኛ ሁለት ሰው ይግባ፤ አንደኛዋ ሴት ትሁን። የክረምት መሻገሪያ ጉዳይም ውሃውን ከሚያውቁ ወጣቶች ጋር ተመክሮበት ይወሰን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ሰው ልካችሁ ቦታውን ማየት ከፈለጋችሁ ከሁለቱም ዳር ሽማግሌዎችን ይዘን እንቀበላችኋለን፤ ቡናም አለ። በጠዋት ብትመጡ ጉድጓዶቹ በደንብ ይታያሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

የበሽሎ መልካ አሻጋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ኮሚቴ ጸሐፊ
በኮሚቴው አባላትና በሁለቱም ዳር ሽማግሌዎች ስም